በነፃነት ሜዳ የወደቁት አዛውንት

የአምብሮዝ ቲሊ አስከሬን «ነፃ ነን» ተብሎ በተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ መድረኩ ሥር ተጋድሟል። አጠገቡ አንድ መሰላል ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ያባራው ጎህ ሲቀድ ነበር። ዕለቱ ጁንቲንዝ ነው፤ ባርነት ማብቃቱ ዘግይቶ ቴክሳስ የተሰማበት ቀን። የባሮች ልጆች አዋጥተው በገዙትና በውርስ ለአምብሮዝ በደረሰው በዚህ ሜዳ ላይ የነፃነቱን ቃል በየዓመቱ የሚያነቡት አምብሮዝ ነበሩ።

«ሽማግሌ ከመሰላል ወደቀ፣ በቃ» አለ የፖሊስ አዛዡ በስልክ። «ሕዝቡን በትኚና ተመለሺ።»

«ነገሩን ሳልጨርስ አንድ ሰው አልበትንም» አለች መርማሪ ኢሞጂን ራትሊፍ፣ ዘጋችበትም።

ጎንበስ ብላ የመሰላሉን እግሮች አየች። ጭቃው የእሷን ጫማ ይውጣል፤ መሰላሉ ግን ላዩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አንደኛውን መርገጫ ስትወጣ እግሮቹ ስምጥ አሉ። አምብሮዝ ደግሞ የእሷን እጥፍ የሚመዝኑ ሰው ነበሩ።

አስከሬኑን ያገኙት ሌሊቱን ሜዳው ዳር ዳስ ሥር ሥጋ ሲጠብሱ ያደሩት እማማ ኦዜላ ናቸው።

«ማን ሸፈናቸው?»

«እኔ ነኝ። የጨርቁ ግራ ጫፍ ተፈትቶ ተንጠልጥሎ ነበር። የቀረውን ጎትቼ አወረድኩና አለበስኩት። መጪው ሁሉ ያፍጥጥበት እንዴ?»

«ትናንት ከእሳቸው ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ዕድሜ ልካችንን ስንጣላ ነው የኖርነው፣ ልጄ። ዘንድሮስ ሴት ታንብብ አልኩት፣ እምቢ አለ። ግን እየተነጫነጭንም ቢሆን ጨርቁን አብረን ሰቅለናል፤ መሬት ላይ ቆመን፣ በረጅም ዘንግ። ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ መሰላል መች ይነካል?»

የሜዳው ጎረቤት ከብት አርቢው ሮይስ ሃድሊ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቀረበ። በአጥር ጉዳይ ከአምብሮዝ ጋር ሲካሰስ የኖረ ነጭ ነው።

«ጭፈራችሁ ከብቶቼን ያስበረግጋል ብያለሁ፣ አልክድም።»

«ምን ሲያደርጉ የወደቁ ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ? ጨርቁ ሥር ያለው ማን እንደሆነም ጠይቄ ነው የተረዳሁት።»

የአምብሮዝ አማች ዌንደል ከሚስቱ፣ ከአምብሮዝ ልጅ ከላቪኒያ ጋር መጨረሻ ላይ ደረሰ።

«ሲደወልልን ከአልጋ አልወረድኩም ነበር» አለ። «ግትር ሰው ናቸው። ያ ግራ ጫፍ ቢፈታባቸው፣ ሰው ጠርተው ቢያሳስሩት ምን ነበረበት?»

«ሜዳው አሁን ለማን ይደርሳል?»

«ለላቪኒያ። ገዢ አለ፤ አባቷ ነበሩ እምቢ ያሉት።»

ረፋዱ ላይ ሕዝቡ ወንበሩንና ምግቡን ይዞ ሜዳውን ሞላው። ኢሞጂን እማማ ኦዜላን፣ ሮይስንና ዌንደልን መድረኩ ፊት አቆመቻቸው።

«በዚህ መሰላል ማንም አልወጣበትም። ቢወጡበት ኖሮ ጭቃው ውስጥ ይሰምጥ ነበር። ስለዚህ ከሞቱ በኋላ ያቆመው ሌላ ሰው ነው። እማማ ኦዜላ ጨርቁ በዘንግ እንደሚሰቀል ያውቃሉ፤ እሳቸው ቢሆኑ መሰላል አያመጡም ነበር። ያመጣው ይህን የማያውቅ ሰው ነው። መድረኩ ላይ ቆሞ የጨርቁን ጫፍ ጎትቶ ፈታ፤ ሊያስሩት ወጥተው ወደቁ እንዲባል።»

ወደ ዌንደል ዞረች።

«ሌላው ሰው ሲደርስ ጨርቁ አስከሬኑ ላይ ነበር። የተፈታው ግራው መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ኦዜላ... በስልክ...»

«እኔ የደወልኩት ለላቪኒያ ነው» አሉ ኦዜላ። «ሞተ አልኳት፣ ዘጋሁት። ስለ ጨርቅ የማወራበት አንደበት ነበረኝ?»

ላቪኒያ ባሏን አየችው። «እውነቷን ነው። አንተ ደግሞ ጎህ ሲቀድ አልጋው ላይ አልነበርክም።»

ዌንደል ከሚስቱ አንድ እርምጃ ሸሸ።

«ገፋ ነው ያደረግኳቸው» አለ። «ጭንቅላታቸው የመድረኩን ደረጃ መታ። አንድ ቀን ለሚጨፈርበት ሣር ዕድሜያችንን በድህነት እንጨርስ?»

ኢሞጂን እጁን አስራ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ አዛዡ ደረሰ። «ሜዳው ይዘጋ፣ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ» አለ።

ላቪኒያ ደረጃውን ወጥታ ማይክራፎኑን ያዘች።

«ሜዳው የእኔ ነው፤ አይዘጋም። አይሸጥምም።»

«ወይዘሮ፣ አባትሽ ገና አልተቀበሩም» አለ አዛዡ።

«እቀብረዋለሁ። ዛሬ ግን ቃሉ ይነበባል።»

ድምጿ መጀመሪያው ቃል ላይ ተሰበረ። እንደገና ጀመረች። ሕዝቡ ከወንበሩ ተነሣ። ማንም ወደ መውጫው አልሄደም።

መኪናው ውስጥ ዌንደል «እባክሽ መስኮቱን ዝጊልኝ» አለ።

ኢሞጂን እስከ ታች ከፈተችው።