አንድ ጆሮ ለሦስት

የውሃ ቦቴው ሞተር እየሞቀ ሳለ ሽማግሌው ሾፌር የጋቢናውን ጣሪያ ሽቅብ አዩና ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ትናንት ሦስት አንቴና ነበረኝ። ሁለቱን ምን ዋጣቸው?»

«እኔ ነኝ የነቀልኳቸው፣ ጋሼ» አለች ቴክኒሻኗ ከጣሪያው እየወረደች። ፒንሳዋን ኪሷ ከተተችና ከወንበሩ ሥር የተገጠመችውን ቡጢ የምታክል የብረት ሳጥን አሳየቻቸው። «ይቺ ማከፋፈያ ናት። አንዱ አንቴና ከሳተላይት የሰማውን ለሦስት ታካፍላለች፤ ለእርስዎ ስክሪን፣ ለቀያሹ መሣሪያ፣ ያለንበትን ቦታ ለቢሮ ለሚልከው ሬዲዮ። ጣሪያውን ሦስት ቦታ ከመብሳት አንድ ጥሩ አንቴና ይሻላል።»

«ለሦስት ሰው አንድ ጆሮ?»

«ጆሮው ጤነኛ ከሆነ ምን ቸገረዎት? ሦስት ምስክር ይዘው እኮ ነው የሚነዱት።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉና ወደ መሪያቸው ወጡ። ከስፖኪዮው ላይ በክር ያንጠለጠሏትን የቡሎን ዳዶ በጣታቸው ነካ አደረጓት። የዳዶዋ ጥላ የሚያርፍበት ዳሽቦርድ በምስማር ጭረት ተሞልቷል፤ የሃያ ዓመት ጭረት ነው፣ በየወሩና በየሰዓቱ ረድፍ የያዘ። በዚህ መንገድ ላይ በየትኛው ሰዓት ጥላው የት መዋል እንዳለበት ሽማግሌው ያወቁትን ሁሉ እዚያ ጽፈውታል። ቴክኒሻኗ ይህን ባየች ቁጥር አይጥ የቆረጠመው ሣጥን ይመስላትና ሳቋ ይመጣል።

ዛሬ ግን መሳቂያ ጊዜ አልነበራትም። ከጨው ሜዳው ማዶ ታናሽ ወንድሟ ከስድስት የጉድጓድ ቁፋሮ ሠራተኞች ጋር ውሃ እያለቀበት ተቀምጧል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ውሃ ይዞላቸው የወጣው የመጀመሪያው ቦቴ ከስምንት ቀን በፊት ሜዳው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሬዲዮው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ «ትክክለኛው መስመር ላይ ነኝ» እያለ ነበር የላከው። ትናንት ማታ ከካምፑ የመጣው ቃል አጭር ነው፤ «የሁለት ቀን ውሃ ቀርቶናል።» መንገዱም ሁለት ቀን ይፈጃል። በጠፋው ቦቴ ላይም እንዲህ ያለ ማከፋፈያ የገጠመችው እሷው ነበረች። ይህን ለማንም አላነሳችም፤ ለራሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታነሳው አድራለች።

ሦስተኛው መንገደኛ ቀያሹ ነው። ሾፌሩ ሰው በስሙ መጥራት አይሆንላቸውም፤ እሱን «ሚሊሜትር»፣ እሷን «ሽቦ» ብለዋቸው ቀርተዋል። ሚሊሜትር ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አንዲት ቀጭን መስመር በጣቱ ተከተለ። ሜዳው ላዩ ነጭና ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ግን መኪና የሚውጥ ጥቁር ጭቃ አለ። ቦቴ የሚሸከም መሬት ያለው ሁለት መቶ ሜትር በምትሰፋው በዚያች መስመር ላይ ብቻ ነው። ድሮ ዳርና ዳሯ ችካል ነበራት። ችካሎቹን ማን እንደነቀላቸው የሚያውቅ የለም። አሁን መስመሯን የሚያሳየው ስክሪን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ነፋሱ ከኋላ መጥቶ ቦቴውን ገፈተረው፤ አቧራው መስተዋቱን ደበደበው፤ የፊት መብራቱ ከሁለት ክንድ በላይ አልሄድ አለ። ሾፌሩ በኤሊ እርምጃ እየነዱ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ።

«ይቺ ስክሪን ዓይኔን ወጋችኝ» አሉና አጠፏት።

ወዲያው የቀያሹ መሣሪያ ጮኸ። ሬዲዮው ቀይ መብራት አበራ።

«ጠፋ! ሁሉም ጠፋ!» አለ ቀያሹ።

«ያብሩት፣ ጋሼ! ያብሩት!» ቴክኒሻኗ ከኋላ ወንበር ተወርውራ ስክሪኑን ራሷ አበራችው። ሦስቱም እንደገና ነፍስ ዘሩ። ከዚያ በኋላ ነው የነገረቻቸው። አንቴናው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሾፌሩ ስክሪን በኩል ብቻ ነው፤ ሳጥኗ የሌሎቹን መንገድ ትዘጋለች። ያ ስክሪን ሲጠፋ አንቴናው ይሞታል፤ አንቴናው ሲሞት ሁሉም ይታወራሉ።

«እንግዲያው ምስክርሽ ሦስት አይደለማ» አሉ ሾፌሩ መስተዋቱ ላይ እንዳፈጠጡ። «አንድ ነው። የቀሩት እሱ ያለውን ነው የሚደግሙት።»

ነፋሱ የአንቴናውን ምሰሶ ሊሰብረው ሲል አውርደው ከጎማው ሥር አጋደሙት፤ ሞተሩንም አጥፍተው ጋቢና ውስጥ ተኮራምተው አደሩ።

ጎህ ሲቀድ ነፋሱ ቆሞ ነበር። ያነቃቸው አጥንት የሚቆረጠም የሚመስል ድምፅ ነው። ቴክኒሻኗ በመስኮት ቁልቁል አየች። አምስት ጅቦች ቦቴውን ከበዋል፤ ትልቁ የአንቴናውን ገመድ ነክሶ ወደ ኋላ ይጎትታል።

ሳታስበው በሩን ከፍታ ዘለለች። የገመዱን ሌላ ጫፍ በሁለት እጇ ያዘችና እግሯን ጎማው ላይ አስደግፋ ጎተተች። ጅቡ ጎተተ፤ እሷም ጎተተች። ሌላው ከጎን ዞሮ መጣና የሱሪዋን እግር ይዞ ቀደደው።

«አትልቀቂ!» ሾፌሩ የጎማ መፍቻ ብረታቸውን አንስተው ከላይዋ ዘለሉና ጅቡን አፍንጫው ላይ አሳረፉበት። ጅቡ ጮሆ ወደ ኋላ ተንከባለለ። ትልቁ ግን አልደነገጠም፤ ቢጫ ዓይኑን ከቴክኒሻኗ ላይ ሳይነቅል ገመዱን እያመነዠከ ቆየ። ሾፌሩ ብረቱን ሲወረውሩበት ነው ቀስ ብሎ ጥሎ የሄደው። መንጋው ነጩ ሜዳ ውስጥ ከጠፋ በኋላ ቀያሹ ጥሩምባውን ያለ ልክ ነፋው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አሉ ሾፌሩ እያለከለኩ። «በቃህ፣ ሚሊሜትር፤ ጆሯችንን አትብላው!»

ገመዱ ሦስት ቦታ ታኝኳል። ቴክኒሻኗ ክፉኛ የተጎዳውን ቆርጣ ጣለች፣ የቀረውን ቀጠለች፣ በፕላስተር ጠቀለለችው። አንቴናውን መልሰው ሲያቆሙት ሦስቱም ስክሪኖች ከአምስት የምልክት መስመር ሁለት ብቻ አሳዩ።

«ይበቃናል?» አለ ቀያሹ።

«የግድ ይበቃናል» አለች። ወንድሟ ዛሬ የመጨረሻውን ጣሳ ያካፍላል።

ቀኑን ሙሉ ወደ ምዕራብ ነዱ። ከቀትር በኋላ በስተቀኝ አንድ ጥቁር ተራራ ብቅ አለ፤ ከዚያ በቀር ከሰማይና ከጨው ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ከፊት ለፊታቸው በመስተዋቱ አልፋ ዳሽቦርዱ ላይ አረፈች። ያኔ ነው ምልክቱ ድንገት ከሁለት ወደ አምስት የዘለለው፤ በሦስቱም ስክሪን ላይ፣ በአንድ ጊዜ።

«አያችሁ!» ቴክኒሻኗ እጇን አጨበጨበች። «ጥገናዬ ሠራ!»

«ሦስቱም በአንድ ሜትር እንኳ አይለያዩም» አለ ቀያሹ እየሳቀ። «መስመሩ መሐል ላይ ነን። ይርገጡት፣ ጋሼ!»

ሽማግሌው ግን እግራቸውን ከነዳጅ ላይ አነሱ። ዓይናቸው ዳሽቦርዱ ላይ ነበር።

«ዳዶዬ በሰዓት አንድ ጣት ነው የምትሄደው። አሁን በሩብ ሰዓት ሦስት ጣት ሄደች። ወይ ፀሐይ ሰክራለች፣ ወይ እኛ እየታጠፍን ነው።»

ቀያሹ ሳቀ። እሷም ልትስቅ አፏን ከፍታ ምልክቱን መልሳ አየች። ጅብ ያኘከው፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ገመድ እንዴት ሙሉ ምልክት ያመጣል? ሳተላይት ከሰማይ ጥግ የሚመጣ ሹክሹክታ ነው። ይህ ግን ይጮሃል። እንዲህ የሚጮኸው ደግሞ ቅርብ ያለ፣ እዚሁ መሬት ላይ የቆመ ነገር ነው።

«ያቁሙ! ጋሼ፣ ያቁሙ!»

ፍሬኑ ሲያዝ የፊት ግራው ጎማ ጨውን ሰብሮ ገባ። ቦቴው አዘነበለ፤ ጥቁር ጭቃ ፊንን ብሎ መስተዋቱን መታ።

ከቦቴው ወረዱ። አርባ እርምጃ ያህል ፊት ለፊታቸው የአንድ ጋቢና ጣሪያ ከጨው ላይ ብቅ ብሏል። በሩ ተከፍቷል፤ ውስጡ ጭቃ ነው። አንቴናው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሥሩ የተጠቀለለውን ቀይ ፕላስተር ቴክኒሻኗ አወቀችው፤ የጠቀለለችው እሷ ነበረች። ጨው ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ» አሉ ሾፌሩ በለሆሳስ። «ኋላሽን እዪ።»

በመጡበት የጎማ ፈለግ ላይ፣ ራቅ ብሎ መሬቱ ጠንካራ በሆነበት፣ አንድ ፒክአፕ ቆሟል፤ ከላዩ ረጅም ዘንግ ተተክሏል። ከግራና ከቀኙ ሁለት ሞተር ሳይክሎች አሉ። ማንም አይንቀሳቀስም።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አለ ቀያሹ።

«ጭቃው ሥራውን እስኪጨርስላቸው ነዋ፤ ከዚያ መጥተው ሊዘርፉን። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ እነዚህ ደግሞ በዚያ ዘንግ የውሸት ምልክት እየላኩ ሳተላይት ነን ብለው መጡ። እኛም አነጠፍንላቸው።»

ቀያሹ ወደ ቧንቧው ሮጠ። «ግማሹን ውሃ እናፍስሰው! ካልቀለለ አይወጣም!»

«ውሃውን አትነካም!» ቴክኒሻኗ በመካከሉ ገባች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ሰባት ሰው ነው የምታፈሰው። ሌላ ሌላውን ሁሉ ጣሉ፤ የእኔንም!»

መለዋወጫ ጎማ ተወረወረ፣ ድንኳን ተወረወረ፣ የቀያሹ መሣሪያ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ተወረወረ። እሷም በስንት ዓመት ያጠራቀመችውን የመፍቻ ሣጥን ጭቃ ውስጥ ጣለች። ሳንቃ ከጎማው ሥር ሲገባ ሰንሰለት ይቀመጥበት የነበረውን አፉ የተቆረጠ ግማሽ በርሜል ገልብጣ ልትጥል ስትል እጇ ቆመ። ቁና ቁና እየተነፈሰች የበርሜሉን ግድግዳ አየች፤ ቀጥሎ ሰማዩን አየች።

«ጋሼ፣ ውሸቱ ከጎን ነው የሚመጣው። እውነቱ ከላይ ነው።»

አንቴናውን ከምሰሶው ነቅላ በርሜሉ ውስጥ አስቀመጠችው። ገመዱን በመስኮት አሳልፋ ቦቴው ራስ ላይ ወጣችና በርሜሉን በደረቷ አቀፈችው። ብረቱ ዙሪያውን ጋረደ፤ አንቴናው ከአናቱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ማየት ጀመረ። ከስክሪኖቹ ላይ ምልክቱ ጠፋ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ከዚያ ሁለት የምልክት መስመር፣ ደካማ ግን እውነተኛ፣ ብልጭ አለ።

«ከመስመሩ ወጥተናል!» ቀያሹ ጮኸ። «ስድስት መቶ ሜትር ወደ ቀኝ!»

ሽማግሌው ማርሽ አስገቡ። ቦቴው አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሳንቃውን ሰብሮ ወጣ። ይህን ሲያዩ ሞተር ሳይክሎቹ ተነሱ። የመጀመሪያው ጥይት በቴክኒሻኗ ጆሮ አጠገብ አለፈ፤ ሁለተኛው እግሯ ሥር ታንከሩን በሳውና ውሃ ሽቅብ ተረጨ። ቀዳዳውን በተረከዟ ረገጠችው። በርሜሉን አልለቀቀችም።

«ቀኝ! ትንሽ ግራ! አሁን ቀጥ!»

ጨው ከጎማው ሥር እየተሰነጠቀ ይጮሃል። አንደኛው ሞተር ሳይክል ከመስኮቱ ጎን ደረሰና ተኮሰ፤ ሾፌሩ አቃሰቱ፣ መሪውንም ወደ እሱ ሰበሩት። ሰውየው ከነሞተሩ ተገልብጦ ጨው ላይ ተንሸራተተ። ሁለተኛው ሊያነሳው ቆመ። ፒክአፑ ከጠንካራ መሬቱ ንቅንቅ አላለም።

«ገባን! መስመሩ ላይ ነን!» አለ ቀያሹ፤ አለቀሰም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ካምፑ ደረሱ። ሰባቱም ከቁፋሮው ማሽን ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ታናሽ ወንድሟ ሊነሳ ሞክሮ ተንገዳገደ፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«እቴቴ፣ ዘገየሽ» አለ። ሊቀልድባት ፈልጎ ነበር።

ጣሳውን ራሷ ያዘችለት። «ቀስ ብለህ፣ የኔ ጌታ፣ ቀስ ብለህ።» ጠጥቶ ሲያበቃ ዓይኑን ጨፈነ።

«የመጀመሪያው ቦቴ ሾፌር በሬዲዮ አነጋግሮኝ ነበር። ‹ዛሬ ምልክቱ በጣም ጠንክሯል፤ ፈጥነን እንደርሳለን› ነበር ያለኝ። እናንተስ መንገድ ላይ አላያችሁትም?»

ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ ደፍታ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

በነጋታው ሰባቱም ሰው ማሽኑን ትቶ ቦቴው ላይ ተሳፈረ። የሾፌሩ ግራ ክንድ በጨርቅ ታስሯል፤ ስለዚህ መሪውን የያዘችው እሷ ናት። በርሜሉን ጣሪያው ላይ በሽቦ አስራዋለች፤ አንቴናውም ውስጡ ነው። እስከ ጥቁሩ ተራራ ድረስ ሁለት የምልክት መስመር ይዘው በደህና መጡ። ከተራራው ሥር ሲደርሱ ሦስቱም ስክሪኖች በአንድ ጊዜ ከሁለት ወደ አምስት ዘለሉ።

ቀያሹ ሽቅብ አየ። የተራራው አናት ላይ አንድ ቀጭን ዘንግ ቆሟል።

«ሰዎቹ ከላይ ወጥተዋል» አለ በሹክሹክታ። «በርሜሉም አይጋርደንም።» መሣሪያውን በግንባሩ ደፋው።

ሦስቱም ስክሪኖች ትክክለኛው መስመር ላይ ነሽ፣ ትንሽ ወደ ግራ ብቻ ያዢ ይሏታል። እጇን ዘርግታ የመጀመሪያዋን አጠፋች። ሁለቱም ተከትለው ጠፉ። የጠዋት ፀሐይ ከፊት ለፊት ገብታ የዳዶዋን ጥላ ዳሽቦርዱ ላይ ጥላዋለች።

«ጋሼ፣ ጥላው የት ነው መዋል ያለበት?»

ሽማግሌው በደህናው እጃቸው ጣታቸውን አኖሩላት። «የጠዋቱ ረድፍ። ሦስተኛዋ ጭረት።»

ጥላው እዚያች ጭረት ላይ እስኪያርፍ ድረስ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረች፤ ከዚያ ነዳጁን ረገጠች።