የሣጥኑ በረኞች

የኔታ ቂርቆስ ከገዛ ቤታቸው ምሰሶ ሥር ወድቀው የተገኙት በኅዳር ሚካኤል ቀን ነው፤ ታቦቱ ገና ከቆመበት አልተነሣም ነበር። ኢንስፔክተር ዓባይነሽ ከፍኖተ ሰላም ተጠርታ በማግስቱ ስትደርስ፣ ከምሰሶው ግርጌ ያለው ድንጋይ ላይ የደረቀ ደም፣ ከምድጃው አጠገብ ደግሞ አፉን የከፈተ ሣጥን ጠበቃት።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ የቡሬው ሳጅን ወንዳወቅ። «ቁልፉ አልተሰበረም። ቁጥሩን ከሟቹ ሌላ የምታውቀው የእህታቸው ልጅ ሥርጉት ብቻ ናት። ማወቋን ራሷም አልካደች። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ።»

«ምን ጠፋ?»

«የብራና መጽሐፍ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተቀኙትን የጻፉበት።»

«ልጅቱ ማንበብ ትችላለች?»

«ስሟን ትጽፋለች።»

ዓባይነሽ ተንበርክካ ቁልፉን አየችው። ባለ አራት ቀለበት ነው፤ በየቀለበቱ ላይ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ተቀርጿል። ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ዘጠኝ ላይ ቆሟል። ጥላሸት ለብሷል፤ ግን ሁሉም ቦታ አይደለም። ብርሃን ወዳለበት ወስዳ ብዙ ጊዜ አገላበጠችው።

«ይህ ሣጥን በዓመት ስንት ጊዜ ይከፈታል?»

«በመስከረም አንድ ቀን፣ ብራናው ነፋስ እንዲያገኘው። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለችና በመሐረብ ጠቅልላ ያዘችው።

ሥርጉት ከጓሮ፣ ከፖሊሱ አጠገብ ተቀምጣለች። ዐይኗ አብጧል።

«ትናንት የት ነበርሽ፣ አንቺ ልጅ?»

«ምንጭ። የጠላ ዕቃ ላጥብ ወርጄ።»

«ማን አየሽ?»

«ታቦት ቆሞ ማን ምንጭ ይወርዳል፣ እትዬ?»

«ቁጥሩን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም አልነገርሁ። አጎቴ ግን ባለፈው ሳምንት ለአንድ ተማሪያቸው ‹ሁለት በዓላት ናቸው፤ ቅኔህ ሲበስል ይገባሃል› ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ከጓዳ ነበርሁ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም።»

ከግቢው ጥግ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ደጀኔ ቡሬ ላይ ሒሳብ ያስተምራል። ሳይጠየቅ መናገር የሚወድ ሰው ነው።

«አራት ቀለበት፣ በየቀለበቱ አሥር ቁጥር። አሥር ሺህ ይሆናል» አለ። «አንዱን ለመሞከር ሦስት ሰከንድ ብንሰጠው፣ ሁሉን ለመጨረስ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።»

«አንተ ብትሆንስ?»

«እኔማ ሞኝ አይደለሁ! የልደት ቀን እሞክራለሁ። ቀንና ወር ከሆነ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ አይሞላም።» እዚህ ላይ ቆመ።

«ምነው ዝም አልህ?»

«ራሴን በራሴ ያሰርሁ መሰለኝ።»

«ትንሽ ቀርቶሃል። ትናንት የት ነበርህ?»

ስልኩን አወጣ። ታቦቱ ከቆመ ጀምሮ የቅኔውን ሥርዓት ሳያቋርጥ አርባ ደቂቃ ቀርጿል። ዓባይነሽ ከዋርካው ሥር ተቀምጣ ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው አየችው። ሰዓቱ እየሄደ ነው ለማለት ሳጅኑ ሁለት ጊዜ አሳለ።

ስመኘው ከቅኔ ቤቱ ጎጆ ደጃፍ መቋሚያውን ተመርኩዞ ቆሟል። ለየኔታ ጀማሪዎችን ቅኔ የሚያስነግር ረዳታቸው እሱ ነበር።

«ሰባት ዓመት እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ» አላት። «አባቴ ነበሩ።»

«ትናንት ተቀኝተሃል?»

«እንዴታ፤ ተራዬ ነበር።»

«ስለ ሣጥኑ ቁልፍስ ምን ታውቃለህ?»

«እኔ የቁጥር ነገር ምን አውቄ? የሒሳብ መምህሩን ይጠይቋቸው እንጂ።»

ዓባይነሽ እጁን አየች። መቋሚያውን የያዘው በአራት ጣት ነው፤ አውራ ጣቱን ከእንጨቱ አርቆታል።

ቀትር ላይ ሁሉንም ከምሰሶው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ቁጥሩን አያውቅም ነበር» ብላ ጀመረች። «ሁለተኛውና አራተኛው ቀለበት ዙሪያቸውን ጥላሸታቸው ተጠርጓል። የመጀመሪያው የተጠረገው ግን ከዜሮ እስከ ሁለት፣ ሦስተኛው ከዜሮ እስከ ሦስት ብቻ ነው። የቀረው ጥላሸት እንዳለ አለ። ሥርጉት ብትሆን በአንድ ጊዜ ትከፍተው ነበር።»

«እኛን ለማሳሳት አዙራው ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

«ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ሊያሳስት ከፈለገ ቁልፉን በድንጋይ ይሰብረዋል፤ አንተንም ወደ እሷ የመራህ የቁልፉ አለመሰበር ነው። ደጀኔ፣ በልደት ቀን ቢሞከር ሦስተኛው ቀለበት ምን ይመስላል?»

«ወራችን ከጷጉሜ ጋር አሥራ ሦስት ነው። ከአንድ አያልፍም።»

«ይኼ ሦስት ደርሷል። የፊተኞቹም የኋለኞቹም ሁለት ቀለበቶች በሠላሳ የተወሰኑ፣ የወሩ ቀናት ናቸው፤ የኔታ ለተማሪያቸው እንዳሉት ሁለት በዓላት። የመጀመሪያው ቀለበት ሦስት ያልደረሰው ሃያ አንድ ላይ ስለተከፈተ ነው። ከአንድና ከአንድ ተነሥቶ በተራ ቢቆጥር ስንተኛው ላይ ይደርሳል?»

ደጀኔ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «ስድስት መቶ ሃያ ዘጠነኛው ላይ። ግማሽ ሰዓት ያልፋል።»

«አንተ ያን ጊዜ ስትቀርጽ ነበር። ቀረጻህ ላይ ‹ስመኘው ይቀኝ› ተብሎ ሲጠራ ይሰማል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የለም። የኔታ አፍረው መቋሚያቸውን ለሌላ ሰጡና ሊፈልጉት ወጡ።»

ወደ ስመኘው ዞረች።

«ተቀኘሁ ብለኸኝ ነበር» አለችው። «እስቲ አውራ ጣትህን አሳየን።»

እጁን ከጋቢው አላወጣም። ሳጅኑ ያዘና ገለጠው፤ የአውራ ጣቱ ቆዳ ተልጦ ቀልቷል።

«የተከፈተ ጊዜ ነው የደረሱት» አለ ስመኘው በመጨረሻ። «መጽሐፉን ያዙብኝ። ገፋ ሳደርጋቸው… ድንጋዩን አላየሁትም። ሰባት ዓመት ሙሉ ‹አልበሰልህም› አሉኝ። መጽሐፉን ይዤ ሌላ አገር ወንበር ዘርግቼ ቅኔ ላስተምር ነበር።»

«የኔታ በራቸውን ሲዘጉ ምን ይሉ ነበር አልሽኝ፣ ሥርጉት?» አለች ዓባይነሽ።

«‹እናትና ልጅ ደጄን ይጠብቁ።› በየቀኑ።»

«ኢየሉጣና ቂርቆስ ነዋ፣ የስማቸው» አለ ደጀኔ። «ሁለቱም አሥራ አምስት።»

«ሰሙ እሱ ነው» አለች ዓባይነሽ። «ወርቁን አስነጋሪው ይንገረን።»

ስመኘው አንገቱን ደፋ። «ማርያም፣ ሃያ አንድ። በዓለ ወልድ፣ ሃያ ዘጠኝ። በየቀኑ ስሰማው ጸሎት መስሎኝ…»

መጽሐፉ ከቅኔ ቤቱ ጎጆ የሣር ክዳን ውስጥ ወጣ። ዓባይነሽ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ አቀረበችለት። የየኔታ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ቀለሙ አዲስ ነው።

«አንብብ» አለችው።

«‹ወንበሬን…›» ብሎ ጀመረና አቃተው። ዓባይነሽ አነበበችለት፦

«‹ወንበሬን ለስመኘው ትቻለሁ። ሣጥኑን በቅኔ የከፈተ ቀን ይህን ራሱ ያነበዋል።›»

ሳጅኑ ከሥርጉት እጅ ላይ ካቴናውን ፈትቶ በስመኘው ላይ አሰረ። ሲወጡ እሷ ከምድጃው አጠገብ ቀረች። መጽሐፉን ከሣጥኑ መልሳ ከደነችው፤ ቁልፉን ከዓባይነሽ ተቀብላ ጥላሸቱን በቀሚሷ ጫፍ አንድ በአንድ ጠረገች።

«እናትና ልጅ ደጄን ይጠብቁ» አለች ቀስ ብላ።

ቁልፉን ግን አልቆለፈችውም።