ግማሹ ግራጫ የሆነው ስብራት

«ማንም ምንም እንዳይነካ!» አለች መርማሪ ቬርና ሳቮይ፣ የጋራዡን በር ገና ሳታልፍ።

ባለጋራዡ ኤልሮይ ቴሪዮ በአንድ መኪና ሻንሲ ሥር ሞቶ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ እየገባ የትናንቱን ሥራ ከሥር ሆኖ መመርመር ልማዱ ነው። ዛሬ ግን ሻንሲውን ከፍ አድርጎ የያዘው የዛገ የብረት እግር ከብየዳው ላይ ተገነጠለና ሻንሲው ደረቱ ላይ ወደቀበት። በዚህ አዲስ ሻንሲ ላይ ሊጫን የነበረው የ1972 ሞዴል ሰበርባን መኪና ቦዲ ጥግ ላይ ለብቻው ቆሟል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ በተነደፈው እቅድ ግን የመኪናው ጣሪያ ተቆርጦ ዝቅ ብሏል።

የሸሪፉ ረዳት በያጁን ዲዊ ጊድሪን በካቴና አስሮታል። «እግሩን የበየደው እሱ ነው። በቸልተኝነት ሰው ገድሏል» አለ።

«እናቴ ትሙት፣ የእኔ ብየዳ አይለቅም!» አለ ዲዊ። እስሩን ሳይሆን፣ ወዳጁን የገደለው የገዛ እጁ እንዳይሆን ነበር የፈራው።

ቬርና ተንበርክካ ስብራቱን አየችው። ግማሹ ያብረቀርቃል፤ ግማሹ ዝገት የሚከላከል ግራጫ ቀለም፣ አንቲረስት፣ ተቀብቷል። በጣቷ ብትነካው ደርቋል። ወደ ውጭ የተረፈው ቀለም ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

የሟቹን ሚስት ኦዴትን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ሳንጣላ የዋልንበት ቀን አለ እንዴ? ከእኔ ይልቅ ከዚህ ጉደኛ መኪና ጋር ነበር የሚኖረው» አለችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ሽማግሌው ቀለም ቀቢ አምብሮዝ ላንድሪ ግን ረጋ ብሎ ነበር።

«ሰበርባኑ የአባትህ አልነበረም?» አለችው ቬርና።

«ነበር። ለኤልሮይ ሸጦለት ሞተ።»

«ትናንት መጨረሻ የወጣው ማነው?»

«እኔ። ቀለም እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ነበር።»

«ጣሪያው መቼ ነበር የሚቆረጠው?»

«ዛሬ። የሰው ንብረት ነው፣ ምን አገባኝ?» አለ። ዓይኑ ግን ከሰበርባኑ ላይ አልተነሳም።

ቬርና ዲዊን አስፈታችውና ቁራጭ ብረት ነጭ እስኪሆን እንዲሞርድላት አዘዘችው። ብረቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በላብ የረጠበ አውራ ጣቷን ጫነችበት፤ ሁሉንም ዙሪያውን ሰበሰበቻቸው።

«ብየዳው በራሱ ቢለቅ ኖሮ ስብራቱ በሙሉ ያብረቀርቅ ነበር። ግማሹ ግን ተቀብቶ ደርቋል። ስለዚህ ከመውደቁ በፊት ሆን ተብሎ እስከ ግማሹ ተቆርጧል።»

«ገዳዩ ሊደብቀው ነዋ የቀባው!» አለ ረዳቱ።

«በዛገ ብረት ላይ ግራጫ ቀለም? ለመደበቅማ ጭቃ ይበቃው ነበር። ይኸኛው ዳሩን በፕላስተር ሸፍኖ ነው የቀባው። ዲዊ፣ አንተ ብትሆንስ?»

«እኔማ ብየዳ አጠገብ ቀለም አላስደርስም። መልሶ ለመበየድ መከራ ነው።»

«ኦዴት?»

«እኔ ጥፍሬን እንኳ በወጉ አልቀባም!»

«እኛ ባለንበት የባሕር ጠረፍ ራቁቱን ያደረ ብረት ዝጎ ነው የሚነጋው። ያንን ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል እጅ ነው የቀባው። አስቦበት አይደለም፤ ለምዶበት ነው።»

ሁሉም ጠረጴዛው ላይ አፈጠጡ። አምብሮዝ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ የቬርናን ላብ ከብረቱ ላይ እየወለወለ ነበር። ሁሉም እያዩት መሆኑ ሲገባው እጁን ሰበሰበ።

«አባቴ ያንን ጣሪያ አንድ ጭረት ሳያስነካ ነው ያቆየው» አለ በመጨረሻ። «አትቁረጠው ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ።»

ካቴናው ወደ እሱ ዞረ። ዲዊ አንሶላ በለበሰው ሬሳ አጠገብ ተንበረከከ።

«የእኔ ብየዳ አይደለም፣ ኤልሮይ» አለው፤ ለወዳጁ ያለቀሰው ያኔ ነው።