የሱሉልታው ምልክት ጠባቂ

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ወር በገባ ጊዜ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ እንደ ወትሮው ነበረ። የጎጃም መንገድ ሜዳውን ለሁለት ከፍሎ ወደ ሰሜን ይዘልቃል፤ ማለዳ ሯጮች በመንገዱ ዳር ተከታትለው ያልፋሉ፤ ሚኒባሶች ወደ አዲስ አበባ የሚገቡ ሠራተኞችን ጭነው ዳገቱን ይያያዙታል። ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ የድርቆሽ ክምር ይታያል፤ ከክምሩ ማዶ፣ በሽቦ አጥር መካከል፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም የብረት ምሰሶ ቆሟል። ምሰሶው ለዓይን የሚታይ ብርሃን፣ ለጆሮም የሚሰማ ድምፅ የለውም፤ ነገር ግን ሌሊትና ቀን የሬዲዮ ምልክት ይልካል፤ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከመቀሌ የሚመጣ አብራሪ ያንን ምልክት ተከትሎ ከምሰሶው አናት በላይ ሲደርስ ወደ ቦሌ ይታጠፋል።

የምልክቱ ጠባቂ ዓባይነህ ይባል ነበር። ሥራ የጀመረው በጎጃም፣ በአንዲት የሣር ሜዳ ማረፊያ ነው፤ ያን ጊዜ አውሮፕላን ሲመጣ ከሜዳው ከብት ማባረር፣ መንገደኛውን በስሙ ጠርቶ መሸኘት የእሱ ድርሻ ነበር። አየር መንገዱ ሲያድግ፣ አውሮፕላኖቹም ሲገዝፉ፣ የሣር ሜዳዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የትልልቆቹ ከተሞች ማረፊያ ግን አስፋልት ለበሰ፣ ሰፋም። ዓባይነህ ወደ ሱሉልታ ሲዛወር ከሰሜን የሚመጣው አውሮፕላን አንድ የጠዋት፣ አንድ የማታ ነበር፤ አሁን የአንዱ ድምፅ ሳይጠፋ ሌላው ይተካል። በየቀኑ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ የሚያህል ሰው በራሱ ላይ ያልፋል፤ ወደ ታች አይቶ «እዚያ ማን አለ?» ያለ መኖሩን ግን አያውቅም።

ከባለቤቱ ከወይዘሮ የሺወርቅ ጋር ትዳር የመሠረቱት አዲስ አበባ፣ ልደታ ነበር። ቤታቸው ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ እሷ ዕቃዋን ጠቅልላ ጣቢያው ቤት ገባች፤ ጎረቤቶቻቸውም ወደ ጀሞ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ተበተኑ። ሰፈሩ ጠፋ፤ የሰፈሩ እድር ግን አልጠፋም። አባላቱ በየወሩ ከየተበተኑበት ተጠራርተው፣ በሌለ ሰፈር ስም ስብሰባ ይቀመጣሉ፤ ዓባይነህም ጣቢያውን ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ተረኛ ለወንዲ ትቶ ሳይቀር ይሄዳል።

«እዚህም እድር እንግባ እንጂ» ትለው ነበር የሺወርቅ። «ሰው በሚያድርበት ነው የሚቀበረው።»

«እኛ የልደታ ሰዎች ነን። ጡረታ ስወጣ እንመለሳለን።»

«ወዴት ነው የምንመለሰው? ፎቁ ሥር?»

ብላ ትስቃለች፤ ነገሩ በዚሁ ያልፋል።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ኦቦ ኩምሳ፣ ከብትና አንድ የናፍጣ ወፍጮ ያላቸው ገበሬ ነበሩ። አጥሩ የቆመው በቀድሞ ግጦሻቸው ላይ ነው። አንድ የበጋ ወራት ከብቶቻቸው ቢጎዱ ጊዜ መጥተው በአጥሩ ውስጥ ያለውን ሣር ጠየቁ፤ ዓባይነህም «ደንቡ አይፈቅድም፤ ከአጥር ውስጥ እንስሳም ባዕድም አይገባም» አላቸው። ያንኑ ሣር፣ ደንቡ እንደሚያዘው፣ አጭዶ አቃጠለው። ኦቦ ኩምሳ ጭሱን ከደጃቸው ቆመው አዩት፤ ከዚያ ወዲህ ሣር የሚባል ነገር አላነሡም። መብራት ጠፍቶ የጣቢያው ጄኔሬተር ሲነሣ ብቻ በአጥሩ ላይ ይተርቡ ነበር፦

«አንተ ሰውዬ፣ የእኔ ወፍጮ ብትጮህ ዱቄት ትሰጣለች፤ ያንተዋ ምንድን ነው የምትፈጨው?»

«ነፋስ ነዋ፣ ኦቦ ኩምሳ!» ትል ነበር የሺወርቅ በእሱ ፈንታ።

የሁለቱን ሰዎች ሚስቶች ግን ደንብ አላገዳቸውም። የሺወርቅና የኩምሳ ባለቤት ወይዘሮ ተረፈች በሽቦው ላይ ቅቤና በርበሬ ይቀባበሉ ነበር፤ የሺወርቅ ኦሮምኛ የለመደችው እዚያው አጥር ሥር ቆማ ነው። ጠዋት ጠዋት አንዷ «አካም ቡልቴ?» ስትል፣ ሌላዋ «ነጋ፤ አንቺስ እንዴት አደርሽ?» ስትል ይሰማል፤ ዓባይነህም ከመሣሪያው አጠገብ ሆኖ ይሰማቸዋል እንጂ ወጥቶ አያውቅም።

በዚያው ኅዳር ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ወደ ምሥራቅ ገሰገሰ። «ማስተር ፕላን» የሚለው ቃል በሱሉልታም፣ በቡራዩም፣ በሰበታም ከገበሬው ደጅ ገባ፤ ከተማው ሲሰፋ መሬታችንን ይውጣል የሚል ሥጋት ያላደረበት ቤት አልነበረም። በታኅሣሥ የጎጃም መንገድ በድንጋይና በግንድ ተዘጋ፤ የመብራት ኃይልም ተቋረጠ። አንድ ቀን ወጣቶች ወደ ምሰሶው እየጠቆሙ «መሬታችንን የሚለካው ይኼ ነው!» ሲሉ፣ ኦቦ ኩምሳ ከበራቸው ወጡ።

«መሬት ማጣትን እኔም አጥቼ አውቀዋለሁ» አሏቸው። «የወሰደብኝ ሰው ነው፤ ብረት አይደለም። ብረቱን ተዉት።»

ወጣቶቹም ሽማግሌ ሰምተው ሄዱ። ዓባይነህ ከመስኮቱ ሆኖ አየ፤ ሊያመሰግናቸው አሰበ፤ ግን በምን አፉ? ወደ ጄኔሬተሩ ተመለሰ።

የሺወርቅ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። መድኃኒቷ ያለቀው መንገዱ በተዘጋ በሳምንቱ ነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ከሰሜን አውሮፕላን መጣ።

«የባሕር ዳሩ ነው?»

«የጎንደሩ ነው።»

«ሰው ሞልቶታል?»

«አሁንማ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ ይብሳል አሉ።»

«እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው ይሄዳል፤ እኛ ግን ከዚህ ዳገት ማዶ መሻገር አቃተን» አለች፤ ነገሩም እንደ ቀልድ ነበር። ከዚያ በረደኝ ብላ ገባች። ዓባይነህ የጄኔሬተሩን ዘይት አይቶ ሲመለስ አርፋ አገኛት።

አልጮኸም። የጮኸ ሰው ጎረቤት ይጠራል፤ እሱ ደግሞ የዚህን አገር ሰው ለመጥራት ምን መብት አለኝ ብሎ አሰበ። ወደ ልደታው እድር ዳኛ፣ ወደ አቶ ካሣዬ፣ ደወለ። አቶ ካሣዬም ወዲያው ሰው አስነሥተው፣ ድንኳን አስጭነው ወጡ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መልሰው ደወሉ።

«አቶ ዓባይነህ፣ እንጦጦ ጫፍ ደርሰን ተመለስን፤ መንገዱ ዝግ ነው። ተረኛህ ወንዲም ከእኛ ጋር ነበር።»

«ነገስ?»

«ነገም የሚከፈት አይመስልም። እንዳልዋሽህ፣ ሬሳ ደግሞ መንገድ አይጠብቅም። እዚያ እድር የለህም እንዴ?»

«የለኝም።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉ አቶ ካሣዬ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ጥቂት ቆይቶ ወይዘሮ ተረፈች ከአጥሩ ማዶ «የሺ! የሺ!» ብላ ተጣራች፤ መልስ አጣች። ዓባይነህ ወጥቶ በሽቦው በኩል ነገራት። እሷ ነበረች የጮኸችው።

በነጋታው፣ ወገግ ሲል፣ የሱሉልታው እድር ጥሩምባ ተነፋ። ዓባይነህ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ሰማው፤ ለሌላ ሰው የተነፋ መሰለው። ጥሩምባ ነፊው ግን ወደ አጥሩ ቀርቦ፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ እንዲህ አለ፦ «የወይዘሮ ተረፈች እህት፣ የሺወርቅ አርፋለች! እድርተኛ ውጣ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በእድሩ ደንብ አባል ያልሆነ ሰው አይቀበርበትም፤ የአባል እናት፣ አባት፣ ወንድምና እህት ሲሞት ግን ድንኳኑም ሰውም ይወጣል። ወይዘሮ ተረፈች ማታውን ከእድሩ ዳኛ ቤት ሄዳ እህቴ ሞተችብኝ አለች። ዳኛው ከልጅነት ጀምረው ያውቋታል።

«እህት ነበረሽ እንዴ?»

«ነበረችኝ።»

«የእናትሽ ልጅ ናት ወይስ የአባትሽ?»

«የአጥር» አለች ተረፈች።

ዳኛው ተነሥተው ጥሩምባ ነፊውን አስጠሩ።

ረፋዱ ላይ ድንኳኑ በኩምሳ ግቢ ተተከለ፤ ሴቶቹ ገብተው ሬሳውን ገነዙ። ዓባይነህ በዚህን ጊዜ ሌላ ጭንቅ ያዘው። ናፍጣው ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ጣቢያውን የሚረከበው ሰው የለም። ምልክቱ ቢጠፋ አውሮፕላን አይወድቅም፤ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ አብራሪው ሌላ ብልሃት አለው። ነገር ግን በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ ምልክት ጠፍቶበት አያውቅም፤ ከዚህ ሌላ በዓለም ላይ የእኔ የሚለው የቀረው ነገርም አልነበረም። ጣቢያውን ጥሎ መቅበር፣ ወይም ሚስቱን ባዕድ ቀብሮለት እሱ ከማሽን ጋር መቅረት፤ ምርጫው ይኸው ነበር።

ኦቦ ኩምሳ ጄሪካን ተሸክመው መጡና ከበሩ ቆሙ።

«ክፈት።»

«ኦቦ ኩምሳ፣ አንቱ...»

«የወፍጮዬ ናፍጣ ነው። ሞተር ታውቃለህ ወይ እንዳትለኝ፤ ጢም ሳላወጣ ጀምሮ ከሞተር ጋር ነኝ። ቁልፉን ስጠኝና ሚስትህን ቅበር።»

«አንቱ ከቀብር ቢቀሩ እድሩ ምን ይላል? የወይዘሮ ተረፈች ባል ሆነው?»

«ይበለኛ! ይቅጡኝ» አሉ ኩምሳ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሶ ነበር። «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ። እግዚአብሔር ያጽናህ ማለት ነው፤ የሺ ብትኖር ትተረጉምልህ ነበር።»

ዓባይነህ ያን ጊዜ አለቀሰ። ቁልፉን አውጥቶ ሰጣቸው፤ ባዕድ በማይገባበት በር የተቀማው ግጦሽ ባለቤት ገቡ።

የሺወርቅ በሱሉልታ ማርያም ተቀበረች። ስሟን የማያውቁ ገበሬዎች ቃሬዛዋን እየተቀባበሉ ተሸከሙ፤ አፈሩንም መለሱ። ዓባይነህ የሚያውቀው ፊት ፍለጋ ዞር ዞር አለ፤ ከተረፈች በቀር አላገኘም። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ከሰሜን አውሮፕላን መጣ፤ ሕዝቡ ቀና አላለም፤ እሱ ብቻ አየው። አውሮፕላኑ ከምሰሶው አናት በላይ ሲደርስ፣ ጥቂት እንኳ ሳያሳልፍ ወደ ቦሌ ታጠፈ። ኦቦ ኩምሳ ከማሽኑ እንዳልተለዩ በዚያ አወቀ፤ ዓይኑንም ወደ መቃብሩ መለሰ።

ሲመለስ ኩምሳን በጄኔሬተሩ ደጃፍ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ስትፈጭ ዋለች» አሉ ቁልፉን እየመለሱ። «ዱቄቱን ግን አላየሁም።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለ ዓባይነህ።

በጥር ማስተር ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ፤ ሁከቱ ግን በዚያ አላበቃም። የዚያን ዘመን ነገር የሚጽፉ ሰዎች የተዘጉ መንገዶችን፣ የሞቱትንና የታሠሩትን ይዘግባሉ፤ ተገቢም ነው። አየር መንገዱ የገዛቸው አዳዲስ አውሮፕላኖች ምልክታቸውን ከሰማይ መቀበል ሲለምዱ የሱሉልታው ጣቢያ ተዘጋ፤ ዓባይነህም ጡረታ ወጣ። ወደ ከተማ አልተመለሰም፤ ከኦቦ ኩምሳ ቤት ወረድ ብሎ አንድ ክፍል ተከራየ፤ ጥሩምባ ሲነፋም ከማንም ቀድሞ ይወጣ ነበር። ጣቢያው እስኪዘጋ ድረስ በነበሩት የበጋ ወራት በአጥሩ ውስጥ ያለውን ሣር የኩምሳ ከብቶች በሉት። ያ የቀብር ቀን በመሥሪያ ቤቱ የወር ሪፖርት ውስጥ ያለው ድርሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ምልክቱ አልተቋረጠም፤ ከሰሜን የመጡት አውሮፕላኖች ሁሉ በሰዓታቸው አርፈዋል።