የጥላው እግሮች

በምዕራቡ ቆላ፣ ከሰሊጥ እርሻው ማዶ፣ ትንሿ አውሮፕላን መድኃኒት ይዛ በመጣች ቁጥር፣ ባሻ ጓንጉል ቀይና ነጭ ጨርቃቸውን በክንዳቸው ጣል አድርገው ከሣር ሜዳው ጫፍ ይቆሙ ነበር። አብራሪዋ ልጃቸው ማኅደር ናት። ከብት ከገባ ቀዩን፣ ሜዳው ጠርቶ ጎማዎቿም ከተዘረጉ ነጩን ያውለበልባሉ። የማታ ፀሐይ ከጀርባዋ ሆና ዓይን ስለምትወጋ ሽማግሌው ወደ ሰማይ አያንጋጥጡም፤ ከፊቷ ቀድሞ በሣሩ ላይ የሚሮጠውን ጥላዋን ነው የሚያዩት። ሦስት እግር ካለው ደኅና ነው።

«አባዬ፣ ቀዩን ካየሁ እግሬን አጥፌ እዞራለሁ፤ ነጩን ካየሁ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አርፋለሁ» ትላቸዋለች እየሳቀች።

«ዓይንሽን ገልጠሽ ነው የምታርፊ!» ይሏታል ኮስተር ብለው።

ዝናቡ ባባራበት ሰሞን፣ በረራ በሌለበት ቀን፣ በሜዳው ላይ ጥላ አለፈ። ሰማዩ ባዶ ነበር። የፌንጣው ጩኸት በአንድ ጊዜ ተቋርጦ፣ ከእርጥቡ ሣር ውስጥ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ተነሣ። ጥላው ክንፍ ነበረው፤ እግር ግን አልነበረውም። በማግሥቱም መጣ፤ ከዚያም ወዲያ፤ በየጊዜው ዝቅ እያለ፣ ኋላም ሣሩን እያስተኛ፣ ብረት ድንጋይ ሲፍቅ የሚያሰማውን ድምፅ ከኋላው እየጎተተ።

ባሻ ቀዩን አውለበለቡበት።

«ባሻ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የሚያባርሩት?» አለ ዕቃ አውራጁ ይስማው። «ላም የለ፣ አውሮፕላን የለ!»

«ሥራህን ሥራ!» አሉት። ለልጃቸውም አልነገሯትም፤ አርጅተዋል ብላ ከሜዳው እንዳታስነሣቸው።

ሐሙስ ዕለት የሞተሩ ድምፅ ከፀሐይ በኩል መጣ። ጥላው ቀድሞ ደረሰ፤ እግር የለውም። ባሻ እየጮኹ ቀዩን አውለበለቡ። ሞተሩ አጓራ፤ አውሮፕላኗ በአናታቸው ላይ ስታልፍ ቀና አሉ። ሦስቱም ጎማዎች ተዘርግተው ነበር፤ ዓይናቸው እያየም ወደ ሆዷ ታጠፉ።

ልጃቸው የታዘዘችውን ፈጸመች።

አንዴ ጎማዎቹን የዘረጋ እጇ ዳግም መዘርጋቱን እንዳይረሳ ፈርተው፣ ዞራ እስክትመለስ ጠበቁ። ፌንጣው ዝም አለ። ጥላው በሣሩ ላይ መጣ፤ ከሥሩም ጥርት ያሉ ሦስት እግሮች ተዘርግተዋል።

«ተመስገን» አሉ ባሻ፤ ነጩንም ክንዳቸው እስከቻለው ድረስ ከፍ አድርገው አውለበለቡ።

ጥላው ያለ ድምፅ አለፋቸው፤ ከኋላው የመጣችው አውሮፕላን ግን ነጩን ጨርቅ አምና፣ ጎማ ያልተዘረጋበትን ሆዷን ወደ ሣሩ ዝቅ አደረገች።