የቀይ ከፋዩ ብናኝ

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት ሱቋ ደረጃ ግርጌ አንገቷ ተሰብሮ ተገኘች። ባሏ ግራ እጁን ኪሱ ከቶ፣ የቀኙን ጣት በታናሽ እህቷ ላይ ቀሰረ።

«አንቺ ነሽ የገደልሻት! ያንቺ ሆርሞን ፕላስተር ሱስ ሆኖባት ነበር። ከወር በፊት ገንጥላ ስትጥለው አበደች፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነችም። ይኸው ራሷን ወረወረች!»

እህትየው አስከሬኑ አጠገብ ተቀመጠች። እህቷ የወር አበባዋ ሊቋረጥ ሲል ድባቴ ይዟት፣ በር ዘግታ ስታለቅስ ስትውል፣ ጎትታ ሐኪም ዘንድ የወሰደቻትና ቆዳዋ ላይ የሚለጠፈውን ፕላስተር ያሳዘዘችላት እሷው ናት። «እውነት እኔ ብሆንስ?» የሚል ሐሳብ እንደ መርፌ ይወጋት ጀመር።

የፖሊስ መርማሪዋ አስከሬኑን አገላብጣ ካየች በኋላ የሱቁን ልብስ ተኳሽ ጠራችው። ሲሠራ ስለሚያፏጭ ፉጨት ይሉታል።

«ማን አገኛት?»

«እኔ። ጠዋት ስገባ ባላቸው ጋሼ አጠገባቸው ተንበርክከው ነበር። ስጠራቸው በርግገው ተነሡ።»

«ሰሞኑን እንዴት ነበረች?»

«እትዬማ ድነው ነበር! ትናንት ለአዳራሽ መጋረጃ ቀይ ከፋይ ጨርቅ መጣልን፤ ዘንድሮ ከፋይ ስናይ የመጀመሪያችን ነው። ብናኙ እያለበሳቸው ሲቆርጡ ሲያንጎራጉሩ ዋሉ። ‹አንተ ፉጨት፣ ዜማዬን አታበላሽ› አሉኝ።» ሊስቅ ሲል እንባ ቀደመው።

«ፕላስተሩስ?»

«የምን ፕላስተር? መቀስ ቆርጧቸው ነበር እንዴ?»

መርማሪዋ ሦስቱንም መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ዳሌዋ ላይ የፕላስተር ሙጫ በአራት ማዕዘን ቀርቷል። መሃሉን ፕላስተሩ ሸፍኖት ስለነበር ንጹሕ ነው፤ ዳር ዳሩን ግን ቀይ የከፋይ ብናኝ ይዟል። ከፋዩ የገባው ትናንት ነው። ስለዚህ ፕላስተሩ ትናንትም እዚያው ነበር።»

«ማታ ልጣው ይሆናላ!» አለ ባል።

«የት ጣለችው? ቤቱን በረበርነው፣ የለም። ፉጨት ስለ ፕላስተሩ አያውቅም። እህቷ ብታገኘው ታሳየን ነበር እንጂ ምን ብላ ትደብቀዋለች? መድኃኒቷን ትታ አበደች ማለት የሚጠቅመው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እስቲ ያን ግራ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡት።»

አላወጣም። ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ኪሱን ገለበጠው። ቀይ ብናኝ የለበሰው ፕላስተር ከገበሩ ጋር ተጣብቋል፤ ሊያላቅቀው በጥፍሩ ሲፍቀው ነው የዋለው።

«ስትታመም ቤቱም ሱቁም በእኔ እጅ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ስትድን ‹ቁልፌን መልስና ውጣልኝ› አለችኝ። ገፋ ነው ያረግኋት።»

ይዘውት ሲወጡ እህትየው በቀስታ ጠየቀች፤ «ታዲያ... እኔ አይደለሁም?»

«ያንቺ መድኃኒትማ አድኗት ነበር፣ ልጄ። እሱን ያቃተው መዳኗ ነው።»

እህትየው ከጠረጴዛው ላይ ቀዩን ብናኝ በመዳፏ መጥረግ ጀመረች። ከዚያ እጇ ቆመ፤ እንዳለ ተወችው።