ብርድ የሚፈራ ደም

አክስቷ ቱቦውን ወደ መብራቱ አንስታ ዘንበል ስታደርገው፣ ደሙ እንደ ደም አልፈሰሰም። በቱቦው ግድግዳ ላይ እንደ ቀይ አሸዋ ፍርፍር ብሎ ቀረ።

«አየሽው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጉጉት አየችው። ቅጽል ስሟን ያተረፉላት እነዚያ ትልልቅ ዓይኖቿ ናቸው፤ አሁን ግን ምነው ባላየሁት አለች። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን «የወደዳችሁትን ሙያ በሥራው ቦታ ውላችሁ እዩ» ብሎ ስላሰናበታቸው፣ የእናቷ ታናሽ እህት ወደምትሠራበት ክሊኒክ መጥታ ነው የዋለችው። ላቦራቶሪው ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ማሽኖቹ ሙቀት ስለማይወዱ ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል፤ ውጪ ፀሐይ ይሁን ዝናብ እዚያ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

«እስቲ በእጅሽ ጨብጪው። ጓንትሽን እንዳታወልቂ።»

ጨበጠችው። መጀመሪያ ቀዘቀዛት፤ እየቆየ ግን ቱቦው የመዳፏን ሙቀት ሲጠጣ ተሰማት። እጇን ስትከፍት አሸዋው የለም። ደሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ለስልሶ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት፣ ዓይኗ እያየ ቀስ በቀስ መልሶ ተቋጠረ። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። በርዶት የሚኮራመት ነፍስ ያለው ነገር ነበር የሚመስለው።

አክስቷ ነገሩን አስረዳቻት። አንዳንድ ሰው ሳንባውን ታሞ ሲሰነብት፣ ሰውነቱ ቀይ የደም ሴሎችን ብርድ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ይሠራል። ማሽኑ ይሄን ስለማያውቅ ይሸወዳል፤ በሕይወት ያለ ሰው ሊኖረው የማይችል ቁጥር ይጽፋል። ስለዚህ ናሙናውን ማሞቅ፣ እንደገና መመርመር፣ በማይክሮስኮፕም ማየት ያስፈልጋል።

ጠዋት ጉጉት «ሥራው ቁልፍ መጫን ከሆነ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሪ ነበር?» ብላ አክስቷን አስቃት ነበር። አክስቷም ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታል ውስጥ ስላሳለፈችው የልምምድ ጊዜ፣ እንቅልፍ ስላሳጣት የሙያ ፈቃድ ፈተና አውርታላት ነበር። አሁን ጉጉት ያ ሁሉ ለምን እንደሆነ ገባት።

ከምሳ በኋላ ሌላ ቱቦ መጣ። አክስቷ ዘንበል አደረገችው፤ ወሬዋንም አቆመች።

ያው ቀይ አሸዋ ነበር።

አሞቀችው፤ ለሰለሰ። አቀዘቀዘችው፤ ተቋጠረ። የደም ዓይነቱን አየች፤ አንድ ነው። ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን አድርጋ ስትመለከታቸው ቆየች። ማቀዝቀዣው እንኳ የተናደደ ይመስል ድምፁ ጨመረ።

«እንዲህ ያለው ደም በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገጥመኝ» አለች በመጨረሻ። «በአንድ ቀን ሁለት ሰው? አልጥም አለኝ።»

ከሰዓት ደም የምትቀዳውን ነርስ አስጠራቻት። ሥራ ከጀመረች ብዙም ያልቆየች ልጅ እግር ናት። ስም ተሳስተሽ ይሆን ብላ ስትጠይቃት፣ ተመርማሪዋን ስሟን አስጠርታ፣ ከክንዷ ቀድታ፣ እዚያው ስሙን እንደለጠፈች ማለች። ስትወጣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አክስቷ ለኃላፊው መደወል ሳይኖርብኝ አይቀርም እያለች ስታጉተመትም፣ ጉጉት ጠጋ ብላ ሁለቱን ስሞች አነበበች።

ክው አለች። የጠዋቱ የልብ ጓደኛዋ ስም ነው፤ ሁሉም ሳቂታ የሚላት። የከሰዓቱ ደግሞ የሳቂታ ታላቅ እህት፣ አዲስ ሥራ ልትጀምር የጤና ምርመራ የተጠየቀችው።

ሽንት ቤት ልሂድ ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። መብራቱ እየጠፋ እየበራ ነው። ጥግ ላይ ሳቂታ ውጤት እየጠበቀች ብቻዋን ተቀምጣለች፤ እጆቿን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ቀብራ። በእያንዳንዱ ብልጭታ ፊቷ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ገርጥቷል፣ ከንፈሯም ደም የለውም። ስታስል አንድ እጇ ብቅ አለ። የጣቶቿ ጫፎች ቀለም ውስጥ የተነከሩ ያህል በብርዱ ጠቁረዋል።

«ሁለቴ ነው የተቀዳሽው» አለቻት ጉጉት።

ሳቂታ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ማን ነገረሽ?»

«ደሙ።»

ሳቂታ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ቃኘች። ከዚያ በሹክሹክታ ተናገረች። እህቷ ከዚህ በፊት ተመርምራ ደምሽ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ ተመለሽ ተብላ ነበር፤ ፈርታ አልተመለሰችም። አሁን ያ ነገር ከታየ ሥራው ሊቀርባት ነው። «እኔ ደግሞ ሳል ብቻ ነው ያለብኝ። ጠዋት ለሱ ተቀዳሁ፣ ከሰዓት በሷ ስም ገባሁ። የኔ ንጹህ ነው፣ ምን ችግር አለው?»

ጉጉት ያየችውን ልትነግራት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። አክስቷ ገና ጋወን ስታለብሳት፣ እዚህ ያየሽውን የምታወሪው አንቺ አይደለሽም ብላታለች።

«ያየሽው ነገር አለ እንዴ?» አለች ሳቂታ፣ ፊቷን አጥንታ።

«ሐኪሙ ያነጋግርሽ። ዛሬውኑ። እንዳትሄጂ።»

«ለአክስትሽ ትነግሪብኛለሽ?»

ጉጉት የላቦራቶሪውን በር አየች። ያለ ጥፋቷ የምትወቀሰው ነርስ ታየቻት። የሳቂታ እህትም ታየቻት፤ በሰው ደም ተመርምራ፣ ያንን የሆነ ነገር እንደያዘች ወደ ቤቷ ስትመለስ።

«እህትሽ የት ናት?»

«ላይ። በሩ ጋ ቆማለች።»

«ሂጂ ጥሪያት።»

ሳቂታ አልተነሳችም። ጣቶቿን መልሳ እጅጌዋ ውስጥ ከተተች። «ከዛሬ ወዲያ አላናግርሽም» አለች፣ ወለሉን እያየች።

ጉጉት ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ ዞራ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰች። ብርዱ ከበሩ ጀምሮ ተቀበላት። አክስቷ ስልኩን አንስታ ቁጥር እየነካች ነበር።

«አክስቴ፣ ነርሷ አልተሳሳተችም» አለች። «የሁለተኛዋ ሴት ደም ገና አልተቀዳም።»

አክስቷ ቁጥሩን መንካት አቆመች። ከዚያ ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ አጠገቧ ያለውንም ወንበር ሳብ አደረገችላት።